«ፎልት» ማለት ጥፋት ብቻ ነው እንዴ?

ከሰመራ ተነስታችሁ በዲቾቶ በኩል ወደ ጋላፊ ስትሄዱ እንደ ደረጃ የተቆረጡ የጥቁር ድንጋይ ገደሎች ታያላችሁ። ጂኦሎጂስቶች እነዚህን የፈጠረውን ነገር በእንግሊዝኛ «ፎልት» ይሉታል። መዝገበ ቃላት ስትገልጡ ግን መጀመሪያ የምታገኙት «ጥፋት፣ ስህተት» የሚለውን ነው። ታዲያ ተራራው ምን አጠፋ?

የቃሉ የጥንት ፍቺ «ጉድለት» ነበር። ከዚያ ሌሎች ተወለዱ፦ ሰው ላይ ጥፋት፣ ዕቃ ላይ እንከን፣ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ብልሽት፣ ቴኒስ ላይ የተበላሸ ሰርቭ። ለሰው «ሚስቴክ»፣ ለዕቃ «ዲፌክት» ብትሉ ያስኬዳል። ለመሬት ግን ሁለቱም አይሆኑም። «ክራክ»ም አይበቃም፤ እሱ ማንኛውም ስንጥቅ ነው። ፎልት የሚባለው በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው አለት ተንሸራቶ ቦታ ሲለቅ ነው። በአማርኛ «ስብራት» የሚለው ይቀርበዋል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። መሬት የሚያናውጠው ያ መንሸራተት ነው። በ1961 ዓ.ም. ሰርዶን ያፈረሰው፣ በነሐሴ 1981 ዓ.ም. ደግሞ ዶቢን ያንቀጠቀጠው እሱ ነው።

«ጥፋት» ብለን ከተረጎምነው አንባቢው ጥፋተኛ ይፈልጋል። «ስንጥቅ» ካልነው ደግሞ ጭቃ ደርቆ የተሰነጠቀውን ሁሉ ይፈራል፣ ወይም ስንጥቅ ካላየ ተዘናግቶ ገደሉ ሥር ቤት ይሠራል። ስለዚህ ቃሉን ስትሰሙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ምኑ ከምኑ ተንሸራተተ?