የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልና የግብር ምሕረት፤ የኖርዌይ ልምድ

አንድ መንግሥት ሕዝቡ የለመደውን ዕቃ ትቶ ሌላ እንዲይዝ ሲፈልግ፥ ወይ ያዛል፥ ወይ ይመክራል፥ ወይም ዋጋውን ይለውጣል። ትእዛዝ ቅሬታ ያመጣል፤ ምክርም ብዙ ጊዜ በጆሮ ገብቶ በጆሮ ይወጣል። ዋጋ ግን ያልተማረውም የተማረውም እኩል የሚረዳው ቋንቋ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ሦስተኛውን መንገድ ሲሆን፥ ለምሳሌነት የመረጥነው አገር ኖርዌይ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ነገሩ እዚያ ከ30 ዓመት በላይ ስለ ተፈተነና ውጤቱን በቁጥር ማየት ስለሚቻል ነው። ሁለተኛም ምክንያት አለን፤ እርሱን ወደ መጨረሻው እናነሣዋለን። ዘመኑን የምንጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የነገሩ አጀማመር ትንሽ ያስቃል። በ1989 ቤሎና የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር መሪ ፍሬደሪክ ሃውገ፥ አ-ሃ ከተባለው የሙዚቃ ጓድ ሁለት ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ፥ ሞተሩ ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠ አንድ ትንሽ ፊያት ፓንዳ ወደ ኖርዌይ አስገባ። ሰዎቹ በኬላ ሲያልፉ የመንገድ ክፍያ አንከፍልም እያሉ አስቸገሩ፤ ቅጣቱ ተጠራቀመ፤ መኪናውም ተይዞ ለሐራጅ ቀረበ፤ እነርሱም መልሰው ገዙት። ጋዜጦች ይህን እየተከታተሉ ጻፉ። ያን ጊዜ በአገሩ መንገድ ላይ የነበረው የኤሌክትሪክ መኪና በጣት የሚቆጠር ስለ ነበረ፥ መንግሥት ምሕረት ቢሰጥ የሚያጣው ገንዘብ ከምንም የማይቆጠር ነበር። እኛ እንደሚመስለን ሕጉ በቀላሉ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምሕረት የሚደረግለት ሰው ጥቂት ሲሆን ምሕረት ርካሽ ነውና።

በ1990 የኤሌክትሪክ መኪና፥ ማንኛውም አዲስ መኪና ሲመዘገብ አንድ ጊዜ ከሚከፈለው ከባድ ቀረጥ ነጻ ሆነ። በ1996 ዓመታዊው የመንገድ ግብር፥ በ1997 የኬላው ክፍያ፥ በ1999 ደግሞ በማዘጋጃ ቤቶች ቦታ ላይ የሚከፈለው የመኪና ማቆሚያ ዋጋ ቀረለት። በ2001 የተጨመረው ግን ከሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ነው፤ ይኸውም ከመቶ 25 ከሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ መሆኑ ነው። ከዚያም በ2005 ለአውቶቡስ ብቻ በተከለለው የመንገድ ረድፍ መሄድ ተፈቀደለት፤ በ2009 የባሕሩን ሰርጥ በሚያሻግሩት የመንግሥት መንገድ ጀልባዎች ላይ ለመኪናው መክፈል ቀረ።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ምሕረቱ ለብቻው ይህን ያህል ባልሠራ ነበር። ኖርዌይ በተራው የቤንዚን መኪና ላይ የምትጥለው ቀረጥ እንደ መኪናው ክብደትና እንደሚያወጣው ጢስ የሚጨምርና በጣም ከባድ ነው። እንግዲህ መንግሥት ለኤሌክትሪኩ ገዢ ከካዝናው አውጥቶ የሰጠው ገንዘብ የለም፤ በሌላው ላይ የጫነውን ሸክም በእርሱ ላይ አልጫነም እንጂ። ቀድሞ ቀረጥ ያልነበረበት አገር ይህን ሕግ ቢገለብጥ የሚምረው ነገር አያገኝም። በመኝታ ክፍላችን በዚህ ጉዳይ ሌሊት ተከራክረን ነበር፤ ከመካከላችን አንዱ «ያልተሰበሰበ ግብርም ስጦታ ነው» ብሎ ጸና። ትክክሉ እርሱ ነው፤ ለሒሳብ ሹሙ ሁለቱም ያው ጉድለት ነው። ለገዢው ግን ልዩነት አለው፤ ደጅ ሳይጠና፥ ማመልከቻ ሳይጽፍ፥ በሱቁ ውስጥ በዋጋው ላይ ያገኘዋልና።

ለብዙ ዓመት ግን ሕጉ ነበረ እንጂ መኪናው አልነበረም። በገበያ ላይ የነበሩት ትናንሾችና ቶሎ የሚደክሙ ናቸው፤ ብርድም የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የኖርዌይም ብርድ የታወቀ ነው። ጥሩ ባትሪ ያላቸው መኪናዎች ከ2010 ወዲህ እየመጡ ሲሄዱ ሃያ ዓመት ሲጠብቅ የኖረው ሕግ በአንድ ጊዜ ሥራ ጀመረ። በ2012 የምክር ቤቱ ፓርቲዎች ምሕረቱ እስከ 2017 ወይም የመኪናዎቹ ቁጥር 50,000 እስኪሞላ እንዲጸና ተስማሙ፤ ቁጥሩ በሚያዝያ 2015 ሞላ። በ2020 ከተሸጡት አዲስ የቤት መኪናዎች ከመቶ 54ቱ፥ በ2024 ከመቶ 89 ገደማ፥ በ2025 ከመቶ 96 ገደማ የኤሌክትሪክ ሆኑ። በመስከረም 2024 በአገሩ የተመዘገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር የቤንዚኖቹን አለፈ። ይህ ሁሉ ሲሆን የቤንዚን መኪና መሸጥ በሕግ አልተከለከለም፤ በ2017 የተወሰነው የ2025 ግብ ግብ ነው እንጂ ክልከላ አልነበረም።

ታዲያ ይህን ማን ከፈለው? የኖርዌይ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ቢያርት ሆልትስማርክና አንደርስ ስኮንሆፍት በ2014 ባወጡት ጽሑፍ ሌሎች አገሮች ይህን ፖሊሲ ሊከተሉት ይገባልን? ብለው ጠይቀው፥ አይገባም ብለዋል። ክርክራቸው ይህ ነው፤ መንዳት ከሞላ ጎደል በነጻ ሲሆን ሰው በአውቶቡስ ወይም በብስክሌት ይሄድ የነበረውን መንገድ በመኪና ይሄዳል፤ አንድ መኪና የነበረው ቤተ ሰብም ሁለተኛ ይጨምራል። በኦስሎ የሆነው ነገር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ በሚገባው ዋና መንገድ ላይ የአውቶቡሱ ረድፍ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቶ፥ ሕዝቡን የጫነው አውቶቡስ አንድ አንድ ሰው ከጫኑ መኪናዎች ኋላ ተሰልፎ መጠበቅ ጀመረ። ስለዚህ በ2015 በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከነጂው ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው ያልጫነ መኪና በዚያ ረድፍ እንዳይሄድ ተደረገ። እኛ ከሁሉ ይልቅ ይህን ምሳሌ እንወደዋለን፤ ምሕረት ሲበዛ ሊረዳ የተነሣበትን ነገር ራሱን እንደሚዘጋ በአንድ መንገድ ላይ ያሳያልና።

መንግሥቱም ምሕረቱን በአንድ ቀን አልሰረዘውም፤ ጥቂት በጥቂት ነው የመለሰው። የኬላውንና የጀልባውን ነጻነት ወደ ቅናሽ ለወጠው። ከጥር 2023 ጀምሮ ከመኪናው ዋጋ ከ500,000 ክሮነር በላይ ባለው ክፍል ላይ ብቻ ታክስ ተጣለ፤ በክብደትም የሚሰላ ቀረጥ ተጨመረ። ከጥር 2026 ጀምሮ ደግሞ ወሰኑ ወደ 300,000 ክሮነር ወረደ። በቁጥር እንየው። ከታክስ በፊት ዋጋው 600,000 ክሮነር የሆነ መኪና በ2022 የሚከፍለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ምንም ነው፤ በ2023 በ100,000ው ላይ 25,000፥ በ2026 በ300,000ው ላይ 75,000 ክሮነር ይከፍላል። ዋጋው 300,000 የሆነው መኪና ግን በሦስቱም ዘመን ምንም አይከፍልም። የሀብታሙ መኪና ወደ ግብር ሲመለስ የመካከለኛው ሰው መኪና በምሕረት ቀርቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያታችን እንመለስ። ኖርዌይ ከኤሌክትሪኳ ከዘጠኝ እጅ በላይ የሚሆነውን ባይሆን እንኳ ወደዚያ የሚጠጋውን ከውኃ ኃይል ታገኛለች፤ ኢትዮጵያም እንዲሁ ናት፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብም በመስከረም 2025 ተመርቋል። ልዩነቱ ኖርዌይ ዘይት የምትሸጥ ስትሆን እኛ ነዳጃችንን ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የምንገዛ መሆናችን ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2022 የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፥ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። የጉምሩኩ ቀረጥም ተገጣጥሞ ለሚገባው ከመቶ 15፥ በከፊል ለተገጣጠመው ከመቶ 5፥ ተፈታቶ ለሚመጣው ምንም እንዲሆን ተወሰነ፤ ይህ መገጣጠሚያዎች በአገር ውስጥ እንዲቋቋሙ ታስቦ ነው። በጥር 2024 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። ኖርዌይ ያልተጠቀመችበትን ትእዛዝ እኛ ጨመርንበት።

የምሕረቱ መጠን ቀላል አይደለም፤ በአገራችን አንዱ ታክስ የሚሰላው በሌላው ላይ ነውና። ለአብነት ብቻ፥ ጉምሩክ ሲደርስ 1,000,000 ብር በሚያወጣ መኪና ላይ ቀረጡን ከመቶ 30፥ ኤክሳይዙን ከመቶ 30 እንበል። ከቀረጡ በኋላ 1,300,000፥ ከኤክሳይዙ በኋላ 1,690,000፥ ከመቶ 15ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ በኋላ 1,943,500፥ ከመቶ 10ሩ ሱር ታክስ በኋላ 2,137,850 ብር ይሆናል። ያው መኪና ኤሌክትሪክ ሆኖ ተገጣጥሞ ቢገባ በ2022ቱ ውሳኔ መሠረት በ1,150,000 ብር ያልቅ ነበር። ነገር ግን የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2024 ወዲህ የመነሻው ዋጋ ራሱ ስለ ናረ፥ ገዢው ከምሕረቱ ያገኘው ጥቅም በከፊል በዚያ ተበልቶበታል።

ኖርዌያዊው ብዙውን ጊዜ መኪናውን ማታ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰካል፤ መንግሥቱም በዋና መንገዶቹ ላይ በየ50 ኪሎ ሜትሩ ፈጣን መሙያ እንዲቆም ገንዘብ ረድቷል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር የአዲስ አበባ ነጂ ገመዱን ወዴት ይጥላል? በቅርቡ የተሳፈርንበት የኤሌክትሪክ ታክሲ ነጂ ሌሊት በመሙያው ጣቢያ ተሰልፎ መኪናው ውስጥ እንደሚተኛ አጫውቶናል። በቤንዚን ያወጣ ከነበረው ጋር ሲያስተያየው ግን አልተጸጸተም። ስለ ኖርዌይ የ2023ና የ2026 ለውጥ ስንነግረው ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና፥ «እኛ ዘንድስ ቀረጡ የሚመለሰው ብድሬን ከመጨረሴ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም፤ ሒሳባችንን ከፍለን ወረድን።