እውነት ወይስ ተረት? ስለ ስካውት አርባ ምንጭ ላይ የሚወራው

አርባ ምንጭ ውስጥ «ስካውት» ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ልጅ አይደለም፤ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጠመንጃ አንግቶ የሚዞር ጠባቂ ነው። በፓርኮቻችን ጠባቂዎቹ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ ሲቀላ ወይም ሴቻ የምትኖር እናት ልጇ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «እማዬ፣ ስካውት ልመዘገብ ነው» ቢላት ብትደነግጥ አይፈረድባትም። የፓርኩን ጠባቂና የልጆቹን የስካውት ንቅናቄ የሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነው።

ወሬው ግን በዚህ አያበቃም። አዲስ ልጆች፣ ወላጆችና በፈቃደኝነት ሊመሩ የሚያስቡ መምህራን የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ ልመልስ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ወላጁ ስለ ሸሚዙ፣ ስለ ሰልፉና ስለ ሰላምታው አጥብቆ ይጠይቃል፤ ልጁን ይዞት ስለሚሄደው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ተረቱ ከሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ትልቁ ይሄ ይመስለኛል።

ተረት፦ «ልጆቹን ለውትድርና ነው የሚያዘጋጇቸው»

ይህ ፍርሃት ከሰማይ አልወረደም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ወጣቱ ከየሰፈሩ ሲታፈስ ያየ ሰው ዛሬ አያት ሆኗል። አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ልጆች ተሰልፈው ሲያይ ያ ዘመን ትዝ ቢለው አያስገርምም። የስካውት ንቅናቄ መሥራችም ቢሆን ወታደር ነበር። ሮበርት ባደን ፓወል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1900 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማፌኪንግ ከተማ 217 ቀን ስትከበብ የተከበበው ጦር አዛዥ እሱ ነበር።

ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ለወታደሮች የጻፈውን መጽሐፍ ልጆች እየተሻሙ ሲያነቡት አገኘ። ይህን ሲያይ ለልጆች በሚሆን መንገድ እንደ አዲስ አዘጋጀው፤ እ.ኤ.አ. በ1907ም ብራውንሲ በተባለች ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆች ይዞ ሐሳቡን ሞከረ። ከልጆቹ ከፊሉ ከሀብታም ትምህርት ቤቶች፣ ከፊሉ ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ ነበሩ። የሠሩትም ድንኳን መትከል፣ ማብሰል፣ የእንስሳት ዱካ መከተልና የተጎዳ ሰው መርዳት ነው። ስካውት መሆን ግዳጅ የለበትም፤ ልጁ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲሰለቸው ይወጣል። አንድ መሪ ልጆቹን ሳምንት በመጣ ቁጥር ግራ ቀኝ እያስባለ ብቻ የሚያደክማቸው ከሆነ ግን ወላጅ ቅር ቢለው ልክ ነው። ያ የስካውት ሥርዓት ሳይሆን የመሪው ስንፍና ነው።

ተረት፦ «ዛሬ ስካውት፣ ነገ የፓርቲ አባል»

አጭር መልስ፦ ሐሰት። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ከጣልያን ወረራ በፊት የቦይ ስካውት ቡድኖች ነበሩ። የኢትዮጵያ ስካውት የዓለም የስካውት ድርጅት አባል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ደርግ መጥቶ ወጣቱን በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር (አኢወማ) ሲያደራጅ ስካውት ቀረ፤ ወደ ዓለም ድርጅቱ የተመለሰውም ገና እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የዓለም ድርጅቱ ሕገ ደንብ ንቅናቄው በፈቃደኝነት ላይ የቆመ፣ ከፖለቲካ ነፃ፣ ለሁሉም ክፍት እንደሆነ ይደነግጋል። ልጅዎን ስካርፍ አስረው ለፓርቲ ሰልፍ ሊያወጡት የሚፈልጉ ካሉ ይህንኑ አንስተው እምቢ ማለት ይችላሉ።

ተረት፦ «ሃይማኖት ያስቀይራል»

ጋሞ ዞን ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና የአባቶቹን ሥርዓት የያዘው ጎን ለጎን ይኖራል። ስካውት ቃል ሲገባ ለፈጣሪው፣ ለሌላው ሰውና ለራሱ ያለበትን ግዴታ ይቀበላል፤ ወደ ፈጣሪው የሚወስደውን መንገድ የሚያሳየው ግን ቤተሰቡ ነው። በዓለም ትልቁ የስካውት ማኅበር ያለው አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነው በኢንዶኔዥያ ነው።

ጣጣው ያለው ከትምህርቱ ይልቅ ፕሮግራም አወጣጡ ላይ ነው። ካምፑ ዓርብ ላይ ከዋለ ለሚጾሙት ለብቻ ከማብሰል ለሁሉም ያለ ቅቤ ኩርኩፋ በሽፈራው መሥራት ይቀላል። እሑድ ጠዋት ደግሞ ልጁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሄድበት ሰዓት ሊተውለት ይገባል።

ስካውቶች እርስ በርስ በግራ እጅ መጨባበጣቸውን በተመለከተ ደግሞ የአያቶች ቁጣ ትክክል ነው። እኛ ዘንድ ለሰው ግራ እጅ መዘርጋት ንቀት ነው። ይህ ሰላምታ በስካውቶች መካከል ብቻ የሚደረግ ነው፤ ለአያት፣ ለመምህርና ለጎረቤት ቀኝ እጅ፣ ካስፈለገም ሁለቱም እጅ ጎንበስ ከማለት ጋር። ከየት መጣ ለሚል ልጅ ስለ አሻንቲ ጦረኞች ይተረክለታል፤ ጋሻ የሚያዘው በግራ ስለሆነ፣ ጋሻውን አስቀምጦ የጨበጠ ሰው አምኖሃል ማለት ነው ይባላል። ታሪኩ ያምራል፤ ማስረጃው ግን የውበቱን ያህል አይደለም።

ተረት፦ «የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ለጋሞ ልጅ ምን ይፈይድለታል?»

የተወለደው እንግሊዝ አገር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የስካውት መጽሐፍ ቋጠሮንና የእንጨት ሥራን ትልቅ ጥበብ አድርጎ ያስተምራል፤ ዶርዜ የተወለደ ልጅ ደግሞ ቀርከሃ ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት ሲጎነጎን፣ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ቤት ሲቆም እያየ ያድጋል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይጣልም፤ ከተፈለገም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞት ሌላ ቦታ ይተክለዋል። መሪው ለልጆቹ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሥዕል ከሚያሳያቸው አንድ ቀርከሃ የሚጎነጉን ሽማግሌ ጋብዞ ግማሽ ቀን ቢያውላቸው ይሻላል።

ተቀምጦ መመካከርም አዲስ ነገር አይደለም። ጋሞ ጉዳዩን ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ቦታ ላይ ተቀምጦ እስኪስማማ ይነጋገራል። ፓትሮል የሚባለው ከ6 እስከ 8 ልጅ የሚይዝ ቡድንም፣ ከመካከሉ አንዱ እየመራው ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚሄድ፣ ያጠፋው ልጅ ምን እንደሚደረግ ራሱ ይመክራል። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግድያ ያስቆጣው ወጣት አርባ ምንጭ ውስጥ ለበቀል ሲወጣ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ፊቱ ተንበርክከው አስቁመውታል። ለሌላው ሰው ያለ ግዴታ ምን እንደሆነ ለማስረዳት መሪው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም።

ሁሉ ነገር ከባህሉ ጋር ይገጥማል ማለቴ ግን አይደለም። የጋሞ ደጋ ማላ፣ ጭናሻና ደጋላ የሚል የቆየ መደብ አለው፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከዱቡሻውም ከጋብቻውም ሲገለሉ ኖረዋል። ፓትሮል ደግሞ አንድ ድንኳን ውስጥ አድሮ ከአንድ ትሪ መብላት ነው። «ልጄን ከእነማን ጋር ነው የመደባችሁት?» ብሎ የሚመጣ ወላጅ ሊኖር ይችላል። የስካውት ሕግ እዚህ ላይ ድርድር አያውቅም፤ ስካውት ለሁሉም ወዳጅ፣ ለሌላው ስካውት ወንድም ነው። ወላጁን ወንበር ሰጥቶ፣ አክብሮ ማነጋገር ይገባል። ምድቡ ግን አይቀየርም።

ተረት፦ «የወንድ ነገር ነው»

እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ላይ በተደረገው የስካውቶች ስብሰባ ሴቶች ልጆች ሳይጠሩ መጥተው «እኛም ስካውት ነን» አሉ፤ በቀጣዩ ዓመት የሴቶቹ ድርጅት ተመሠረተ። ዛሬ ንቅናቄው ለሁለቱም ፆታ ክፍት ነው። ሴት ልጅ ካምፕ የምታድር ከሆነ ሴት መሪ መኖሯ፣ የመኝታ ድንኳኑና መጸዳጃው መለየቱ፣ የወር አበባ ቢመጣባት ሞዴስ መያዙ መረጋገጥ አለበት። እነዚህ ካልተሟሉ «አትሄድም» ያለ አባት ኋላ ቀር አይባልም።

ተረት፦ «አዞ ቀን ቀን ሰው አይነካም፤ ፌጦ የበላን ወባ አይዘውም»

ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ገበያ የሚባለውን ቦታ በጀልባ ሄዶ ያየ ሰው አዞው አፉን ከፍቶ ፀሐይ ሲሞቅ አይቶ ሰነፍ ይመስለዋል። አዞ የራሱን ሙቀት የሚያገኘው ከፀሐይ ስለሆነ ነው እንዲያ የሚጋደመው። ሰው የሚጎዳው ውሃው ዳር ላይ ነው፤ ሲቀዳ፣ ሲያጥብ፣ ሲያጠምድ፣ በቀንም ጭምር። ስለዚህ በአባያም ሆነ በጫሞ ዳር ካምፕ ሲደረግ ዋና የለም፣ ሰሃን ማጠብም የለም። አዞ ባይኖር እንኳ ቢልሃርዝያ አለ። የሚጠጣው ውሃ ከቧንቧ ተቀድቶ ይመጣል፤ ካልተገኘ ይፈላል ወይም ውሃ አጋር የሚባለው ማከሚያ ይጨመርበታል።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ለምግብ ጥሩ ናቸው፤ ወባን ግን አይከላከሉም። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ መከላከያው አጎበር፣ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ነው። በተለይ የጨንቻ ወላጆች ልብ ይበሉ። እላይ ብርድ ስለሆነ ወባ ብርቅ ነው፤ ልጁ ግን ለካምፕ አርባ ምንጭ ወርዶ ተነክሶ ይመለስና ትኩሳቱ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤት ከገባ በኋላ ሊነሳበት ይችላል። ያኔ ጉንፋን ነው ብሎ ማሳለፍ አደገኛ ነው። በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር፤ ለጤና ባለሙያውም «ቆላ ወርዶ ነበር» ብሎ መንገር አይረሳ።

እባብ ከነደፈ ደግሞ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ አጥብቆ ማሰር፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ሁሉም ይቅር። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ይደገፍ፣ ልጁ ሳይራመድ ተሸክመውት ሆስፒታል ይድረስ።

ያለ ክብሪት እሳት ማቀጣጠል የስካውት መለያ ነው የሚሉ ልጆችም አሉ። ለከተማዋ ስሟን የሰጧት ምንጮች የሚፈልቁት ከጫካው ሥር ስለሆነ፣ እዚያ አካባቢ የተሻለው ስካውት እሳት ያላነደደው ነው።

ተረት፦ «ዝግጁ ሁን ማለት አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ሮጦ መግባት ነው»

«ዝግጁ ሁን» የስካውት መፈክር ነው፤ ለልጅ ግን በዚህ ትርጉም ማስተማር ሊገድለው ይችላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መጀመሪያ የተናደው መሬት የቀበራቸውን ለማውጣት ጎረቤት በእጁና በዶማ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጥቶ ረዳቶቹንም ወሰደ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የሮጡት ሰዎች ያደረጉት የሚከበር ነው። ለ13 ዓመት ልጅ ግን ሥራው ሌላ ነው፦ ሰው ወደ ተሰነጠቀው ዳገት እንዳይጠጋ ማስጠንቀቅ፣ ቀበሌውን መጥራት፣ ከየቤቱ ማን እንደጎደለ መመዝገብ፣ ሕፃናትን ከቦታው ማራቅ።

ገንዘብስ?

ስካርፍ ባለሦስት ማዕዘን ጨርቅ ነው፤ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ይሠራዋል። ሙሉ ዩኒፎርም ካልገዛህ አትመጣም የሚባል ልጅ ካለ ስህተቱ የመሪው ነው። መሪዎችም ስለ አበል ይጠይቃሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ወርክሾፕ ሁሉ አበል ባለበት አገር ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። መልሱ ግን የለም ነው። ለትራንስፖርት ያወጣውን መመለስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሥራው ራሱ ግን በፈቃደኝነት የሚሠራ ነው።

ተረት፦ «ቋጠሮ የማያውቅ መምህር መምራት አይችልም»

ቋጠሮ ይለመዳል። እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ አገር ጊልዌል ላይ የተጀመረው የመሪዎች ስልጠና የተቋቋመው ልጅነቱን በስካውት ያላሳለፈ ሰውም እንዲማር ነው። የማይለመደው ሌላ ነው፤ ታግሶ ልጅን መስማት፣ እንደ መሪ ያሉበትን ገደቦች ማክበር።

ስለዚህ ወላጅ ስለ ካኪው ሸሚዝ ትቶ መሪውን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ። ካምፑ ላይ ስንት አዋቂ አለ? ቢያንስ ሁለት መሆን አለበት። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻውን ይሆናል? መሪው ከልጆች ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ያድራል? ሁለቱም መልሳቸው «አይሆንም» ነው። ቅጣት አለ? ዱላም ሆነ ምግብ መከልከል አይፈቀድም። ሳልናገር ድንገት ብመጣ ልጄን ማየት እችላለሁ? ልጄ ቢታመም ማን ይደውልልኛል፣ በየትኛው መኪና ይወሰዳል? የትኛው ትምህርት ቤት ወይም ማኅበር ነው እርስዎን የሚያውቅዎት?

ጥሩ መሪ እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠየቅ ይመልሳቸዋል። የሚቆጣ፣ «አታምኑኝም እንዴ?» የሚል ካጋጠመዎት፣ የምዝገባ ፎርሙን ሳይሞሉ ልጅዎን ይዘው ወደ ቤትዎ ይመለሱ።