የምስክር ፍርሃትና የዳኛ ሚዛን

ሕግ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ ዳኛም ደመወዝ ተቈርጦለት በወንበር የተሾመ ነው። ምስክር ግን ከሕዝቡ መካከል ተጠርቶ የሚመጣ፥ ነገሩ ከተፈጸመም በኋላ ወደዚያው ሕዝብ መካከል የሚመለስ ሰው ነው። ዳኛው መዝገቡን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፥ ምስክሩ የተናገረውን ቃል ተሸክሞ ወደ መንደሩ ይገባል። ስለዚህ ፍርድ በተጓደለ ጊዜ ጥፋቱን በሕጉና በዳኛው ላይ ብቻ መፈለግ አይበቃም፤ ምስክሩ በመጣበትና በሚመለስበት መንገድ ላይ ማን ቆሞ እንደሚጠብቀው መመርመር ይገባል።

ይህን ነገር በቅርብ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከጣና በስተምሥራቅ ያለውን አገር ይመልከት። አንበሳሜ የደራ ወረዳ ከተማ ነው፤ ወረታም የፎገራ ወረዳ ከተማ ነው፤ የጉማራና የርብ ወንዞች በዚህ ሜዳ እያለፉ ወደ ጣና ይገባሉ። የዚህ አገር ባላገር በእርሻውና በከብቱ፥ በገበያውና በማኅበሩ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ምስክርም ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ የሚመጡት በአንድ መንገድ ነው፤ ሲመለሱም እንዲሁ ነው። ዛሬ በአንድ ሰው ላይ የመሰከረ፥ በማግሥቱ ከዚያ ሰው ወንድም ጋራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይቆማል፤ ከብቱንም በአንድ መስክ ያሰማራል።

ነገሩ የድንበር ወይም የከብት ስርቆት የሆነ እንደ ሆነ ሽማግሌ ይገባበታል፤ በደም የሚፈላለጉትንም ቢሆን ካህናት መስቀል ይዘው ያስታርቃሉ። ነገሩ ሥልጣንን የነካ እንደ ሆነ ግን ከክርክሩ ወገኖች አንደኛው ኃይል ያለው ነው። ይህ ኃይል የመንግሥት ሹም ቢሆን፥ ወይም በመንግሥት ላይ መሣሪያ ያነሣ ወገን ቢሆን፥ ለምስክሩ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱም በሌሊት ደጁን ሊያንኳኩ ይችላሉና። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አሮጌ ተረት የተወለደው ከሕግ ማጣት ብቻ አይደለም፤ በኃያል ላይ አፉን ከፍቶ የሚመሰክር ሰው ከመጥፋቱም ጭምር ነው።

መጻሕፍትን ለተማሩ ሁሉ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በተመኘ ጊዜ፥ ኤልዛቤል በንጉሡ ማኅተም ወደ ከተማው ሽማግሌዎች ደብዳቤ ጻፈች፤ ሁለት ምናምንቴ ሰዎችም ቀርበው ናቡቴ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ብለው መሰከሩበት። በዚያ ችሎት የሕጉ ሥርዓት ምንም አልጐደለም፤ ሸንጎ ነበረ፤ ሙሴ ያዘዘው የምስክር ቍጥርም ተሟልቷል። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ምስክሮቹን ማን እንደ ላካቸው የሚጠይቅ ዳኛ ነው።

የሶስና ነገር ግን በዚህ አንጻር ይታያል። በእርሷ ላይ የመሰከሩት ሁለት ሽማግሎች ራሳቸው በሕዝቡ ላይ የተሾሙ ዳኞች ስለ ነበሩ፥ ጉባኤው ስለ ክብራቸው አምኗቸው ሞት ፈርዶባት ነበር። ዳንኤል ግን ክብራቸውን ትቶ ቃላቸውን መረመረ፤ ለየብቻቸው አቁሞ ነገሩን ያዩት ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ሆነ ቢጠይቃቸው ሁለቱ ሁለት ዓይነት ዛፍ ጠሩ፤ ሐሰታቸውም ተገለጠ። ከነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የምስክር እውነተኛነት በቍጥሩና በማዕርጉ አይለካም፤ ተጠይቆ በሚሰጠው መልስና ከጀርባው በቆመው ኃይል ይመዘናል እንጂ።

የቀድሞ ሰዎችም የምስክርን ፍርሃት ያውቁ ነበር። በአማራ አገር በአውጫጭኝ ሥርዓት ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ያገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰብ ነበር፤ ከመካከሉም የታመኑ ሽማግሎች ተመርጠውና ምለው የያንዳንዱን ቃል በምሥጢር ይሰሙ ነበር። በይፋ ለመናገር የፈራም ሰው «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ያወቀውን ያስታውቅ ነበር። ካህናትም እያወቀ የደበቀውን ሁሉ ያወግዙ ነበር። ይህ ሥርዓት ፈሪውን ከበቀል ይሰውረው ነበር፤ ነገር ግን ጕድለት ነበረበት። ስሙ የተጠራበት ሰው ከሳሹን ፊት ለፊት ሊጠይቅ አይችልም ነበርና፥ የቂም ቃልና የእውነት ቃል በአንድ ወፍ ክንፍ ሥር ሊደበቁ ይችሉ ነበር።

በደርግ ዘመን ግን ነገሩ ከዚህ እጅግ የከፋ ሆነ። ቀይ ሽብር በ1969 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ በየቀበሌው ስብሰባ ሰው ራሱን እንዲያጋልጥ፥ ባልንጀራውንም እንዲያጋልጥ ይገደድ ነበር። ዝም ያለ ሰው ጠላት ተባለ፤ የተናገረም ሰው ሌላውን ወደ እስር ቤት ወይም ወደ ሞት ሰደደ። እንዲህ ያለው ቃል የምስክር ስም ቢሰጠውም ምስክርነት አልነበረም፤ ተናጋሪው የሚናገረው ስላወቀ ሳይሆን ነፍሱን ለማትረፍ ነበርና።

ያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 22 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። የደርግ ባለሥልጣኖች ነገር ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. በችሎት ተጀመረ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ናቸው ተብሎ ተበየነ፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎች ላይ የሞት ቅጣት ፈረደ። ክርክሩ 12 ዓመት ያህል መፍጀቱ ብዙ ተነቅፏል። ነገር ግን በዚህ ነገር ውስጥ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። የቤተ ሰብ ሐዘን ያለባቸውና ከእስር ቤት የተረፉ ምስክሮች ቢሰሙም፥ ማስረጃው በነርሱ ቃል ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም፤ ደርግ ራሱ በፊርማና በማኅተም የተዋቸው ትእዛዞችና ደብዳቤዎች ቀርበዋል። በኑረምበርግ በ1938 ዓ.ም. የናዚ ሹማምንት በተከሰሱ ጊዜም አሜሪካዊው ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ጃክሰን ከሰው ቃል ይልቅ በጠላት እጅ በተጻፈ ወረቀት ላይ መመካትን መረጠ። ወረቀት አይፈራም፤ በጉቦም አይለወጥም። የሰው ቃል በወረቀት ሲደገፍ የምስክሩም ሸክም ይቀልለታል፤ ፍርዱ ሁሉ በእርሱ አንገት ላይ አልተንጠለጠለምና።

ወረቀት ያልተገኘ እንደ ሆነስ? ሕግ አውጪዎች በዚህ ነገር ላይ ሁለት መንገድ ሞክረዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፥ የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና የመሰከሩበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት አለው ብሎ ደነገገ። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም መስቀለኛ ጥያቄ የምስክሩን ስሕተትና ተቃርኖ ለመግለጥ እንደ ሆነ አስቀድሞ ተናግሯል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቍጥር 652 ግን በሌላ መንገድ ሄደ፤ ምንጩ ያልተገለጠ የመረጃ ሪፖርት፥ ደግሞም ከሌላ ሰው የተሰማ ወሬ በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀደ። ይህ የቀድሞው ወፍ በሕግ ልብስ ተመልሶ መምጣቱ ነበር። ያ ዐዋጅ በ2012 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 1176 ተሽሯል።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 699 ወጣ። ይህ ዐዋጅ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያሥር ወይም በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል የሚመሰክር ሰው ሕይወቱ፥ አካሉ ወይም ንብረቱ ለከባድ አደጋ የሚጋለጥ እንደ ሆነ እንዲጠበቅ ያዝዛል። ጥበቃውም ብዙ ዓይነት ነው፤ ዘበኛ ማቆም፥ መኖሪያ ማዛወር፥ ማንነትን መሰወር፥ ከመጋረጃ በስተኋላ ሆኖ ቃል መስጠት ከዚህ ይቈጠራሉ። ዐሳቡ መልካም ነው፤ ምስክሩን ማስፈራራት ፍርድን ማስፈራራት ነውና።

ነገር ግን ጥበቃው ራሱ ክርክር አስነሣ። በ2013 ዓ.ም. በአቶ እስክንድር ነጋና በሌሎች ላይ በተመሠረተው ክስ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹ እንዲሰወሩለት ጠየቀ፤ ተከሳሾቹም የማናየውንና የማናውቀውን ሰው ቃል እንዴት እናስተባብላለን ብለው ተቃወሙ፤ ክርክሩም ወደ በላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ክሱ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጨረሻ ፍርድ ሳይሰጥበት ተቋረጠ። ይሁን እንጂ የተነሣው ጥያቄ ከክሱ ጋራ አልተቋረጠም። መጋረጃ ሁለት ፊት አለው፤ እውነተኛውን ምስክር ከበቀል ይሰውረዋል፤ የተላከውንም ምስክር ከጥያቄ ይሰውረዋል። ዳኛው የትኛውን እንደ ሰወረ ሊያውቅ የሚችለው ከመጋረጃው ወዲያ የቆመውን ሰው እርሱ ራሱ አጥብቆ የመረመረ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ጥበቃ የሌለበትም ችሎት ምን እንደሚሆን የጎረቤት አገር ነገር ያስረዳል። በኬንያ በ2000 ዓ.ም. ከምርጫ በኋላ ስለ ፈሰሰው ደም በሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ኡሁሩ ኬንያታንና ዊሊያም ሩቶን ከሰሰ፤ ሁለቱም ክሱን ክደው ተከራከሩ። በኬንያታ ላይ የነበረውን ክስ ዐቃቤ ሕግ በኅዳር 2007 ዓ.ም. አነሣች፤ በሩቶ ላይ የነበረውንም ዳኞቹ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በድምፅ ብልጫ አቋረጡት። ምስክሮች ቃላቸውን መለሱ፤ ከነርሱም የዋሸ መሆኑን ያመነ ተገኘ፤ ዐቃቤ ሕግም ምስክሮች ተባብለዋል፥ ተሸብረዋልም ስትል ከሰሰች። በዚህ ምክንያት ሁሉም ተጐዳ፤ የሞቱባቸው ሰዎች እውነቱን አላገኙም፤ የተከሰሱትም በሩቶ ነገር እንደ ታየው ነጻ ናችሁ የሚል ፍርድ ሳያገኙ ቀሩ።

አሁን ነገሩን ወደ አንበሳሜ መልሰን እንመልከተው። መኖሪያን ማዛወር በትልቅ ከተማ ለሚኖር ደመወዝተኛ ጥበቃ ሊሆን ይችላል። የፎገራ ገበሬ ግን የሩዝ እርሻውን ጠቅልሎ አይሄድም፤ ከርስቱ ያራቁት እንደ ሆነ ከበቀል አድነው ለችግር ይሰጡታል። ስምን መሰወርም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ቀበሌ ነገሩን ያየው ማን እንደ ሆነ ሁሉ የሚያውቀው ስለ ሆነ መጋረጃው ስሙን አይሰውርለትም። ይልቁንም በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ባላገሩ በሁለት መሣሪያ መካከል ሲቆም፥ ለአንዱ የመሰከረ በሌላው ዘንድ ከዳተኛ ይባላል። እንዲህ ላለው ሰው ዋናው ጥበቃ መጋረጃ አይደለም፤ ያስፈራራውን ሰው ሹም ቢሆን ባላገርም ቢሆን ሳያዳላ የሚይዝና የሚቀጣ ሕግ ነው።

ስለዚህ በፖለቲካ ነገር የሚፈርድ ዳኛ ምስክሩን ከመስማቱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ይህ ሰው ቃሉን አስቀድሞ የሰጠው የት ነው? በቤቱ ነው ወይስ በእስር ቤት? ሌላ ቃል ቢናገር ኖሮ ምን ይደርስበት ነበር? የዛሬው ቃሉ ማንን ደስ ያሰኛል? ለባለሥልጣን የሚስማማና ተናጋሪውን ምንም የማያስከፍል ቃል እጥፍ ምርመራ ይገባዋል። ተናጋሪውን ብዙ የሚያስከፍል ቃልም ቢሆን ስለ ድፍረቱ ብቻ እውነት አይባልም፤ ነገር ግን ተናጋሪው ስለ ተንቀጠቀጠ ሐሰተኛ ነው ማለት ታላቅ ስሕተት ነው። የፈራ ሰው ይንተባተባል፤ ቀኑንም ይረሳል፤ የተላከ ሰው ግን ያጠናውን ሳያዛንፍ ይወርደዋል። ምስክሮች ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃል የተናገሩ እንደ ሆነ፥ ዳንኤል እንዳደረገው ለየብቻ አቁሞ ስለ ዛፉ መጠየቅ ይገባል።

የሹማምንትም ግዴታ ከዚህ አያንስም። በወረዳና በዞን የተሾመ ሰው ራሱ ወይም ባልደረባው በተከሰሰበት ነገር ምስክሮችን ወደ ቢሮ ጠርቶ ማነጋገር አይገባውም፤ በትሕትና ቢያነጋግራቸው እንኳ ጥሪው ብቻ ማስፈራራት ነውና። ካህናትም ሕዝቡ የሚሰማቸው አባቶች ስለ ሆኑ ሁለት ነገር በእጃቸው ነው፤ የመሰከረውን ሰው ከማኅበር እንዳይገለል መጠበቅ፥ በሐሰት የማለውንም ባለጠጋ ነው ወይም ባለጠመንጃ ነው ሳይሉ መገሠጽ። በዕርቅ ስም ምስክሩን ዝም ማሰኘት ግን ዕርቅ አይደለም፤ ቁስልን ሳያጠቡ መሸፈን ነው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ በዚህም ፖሊሲ የተበደሉ ሰዎች ቀርበው እንዲናገሩ፥ ያጠፉትም እንዲጠየቁ ታስቧል። ይህ ዐሳብ የሚፈጸመው በሰው አፍ ነው። የሚናገረው ሰው ከሸንጎው በወጣ ጊዜ የሚሄድበት መንገድ ያልተጠበቀ እንደ ሆነ፥ በሸንጎው ውስጥ የሚሰማው ቃል የናቡቴ ምስክሮች ቃል ይሆናል፤ እውነቱን የሚያውቁት ግን በቤታቸው ይቀራሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሁን እንጂ ንጋቱን ለማየት ምስክሩ ሌሊቱን በደኅና ማደር አለበት፤ ይህን ሌሊት መጠበቅም የመንግሥት ሥራ ነው።