የአጋዘንን ቁጥር የሚወስነው አዳኝ አውሬ ብቻ አይደለም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ካራቆሬና በይፋት ቆላማ አካባቢዎች ጅብ በዋነኛነት የሚታወቀው የአርሶ አደሩንና የአርብቶ አደሩን ከብት በመፍጀቱ ነው። ጅብ የዱር እንስሳትንም ያድናል። ይሁን እንጂ የዱር እንስሳት በተመናመኑበት ሥፍራ ሁሉ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አለመሆኑን የባሌ ተራሮች ተሞክሮ ያመለክታል።

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረውና ምስሉ በአሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ እንስሳ ነው። ዋነኞቹ አዳኞቹ ጅብና ነብር ናቸው። የአዋቂ ወንድ አጋዘን ክብደት ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ሊደርስ ስለሚችል ለጥቃት ይበልጥ የሚጋለጡት ግልገሎች ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ኮዮት የተባለው የቀበሮ ዘመድም እንዲሁ በብዛት የሚያጠቃው አዲስ የተወለዱትን ነው። ሴቷ የደጋ አጋዘን በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ በመሆኑ የግልገሎች መጥፋት የመንጋውን ዕድገት ያዘገየዋል።

በ1983 ዓ.ም በተካሄደው የመንግሥት ለውጥ ወቅት ግን በፓርኩ የጋይሳይ ሜዳ የነበረው የአጋዘን ቁጥር በአጭር ጊዜ ውስጥ እጅግ አሽቆልቁሏል። ምክንያቱም ጥበቃው በመላላቱ የተስፋፋው ሕገ ወጥ አደን ነበር። ጥበቃው ሲጠናከር ጅብና ነብር በሥፍራው እያሉ መንጋው መልሶ አንሰራርቷል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ በፓርኩ ከሚገኙት አጋዘኖች አንዳንዶቹ ጅብ በሚንቀሳቀስበት ሌሊት ወደ ሰዎች መኖሪያ እንደሚጠጉና ሲነጋ እንደሚርቁ ገልጿል። እንስሳቱ ሰውን ከጅብ መከለያ አድርገውታል ማለት ነው።

የዱር እንስሳት ባለቁበት አካባቢ ጅብ ፊቱን ወደ ከብት ያዞራል። በትግራይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው የጅቦቹ ምግብ በአብዛኛው የቤት እንስሳት ሲሆን፣ በዐቢይ ጾም የእርድ ተረፈ ምርት ሲቀንስ አህዮችን ማደን ያዘወትራሉ።

ስለዚህ በይፋትም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ከብቶችን ሌሊት በጠንካራ በረት ከማሳደር ጎን ለጎን፣ ድኩላና ሚዳቋ የሚጠለሉባቸውን ቁጥቋጦዎች ከምንጣሮ፣ እንስሳቱንም ከሕገ ወጥ አደን መጠበቅ ጥቅሙ ለዱር እንስሳት ብቻ ሳይሆን ለከብት አርቢውም ጭምር ነው።