ወላድ የሚጭን መኪና ሲመረጥና ሲነዳ

በከተማ ለምንኖር መኪና ሲባል ትዝ የሚለን የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ወይም የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ነው። ከደሴ በስተ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ለሚኖሩ እናቶች ግን መኪና ከዚህ የከበደ ነገር ነው። ምጥ የጠናባት ሴት፣ ጎረቤት እየተፈራረቀ በወሳንሳ ተሸክሟት ዳገቱን ከወጣች በኋላ፣ ከመንገድ ዳር የሚጠብቃት እርሱ ነው። ስለ መኪና በሴቶች ዓምድ የምናነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ደግሞም ከእናንተ መካከል በነርስነት ወይም በመምህርነት ወደዚያ የምትመደብ፣ በመሥሪያ ቤቷ የግዢ ኮሚቴ ውስጥ የምትሠራ፣ መሪም የምትጨብጥ አትጠፋም።

በመጀመሪያ አገሩን እንወቅ። ከደሴ የተነሣ መኪና በለጋምቦ አቀስታ በኩል ሲያልፍ ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ላይ ነው የሚጓዘው። የደቡብ ወሎ ቁንጮ የሆነው አምባ ፈሪት፣ ከፍታው ከ3 ሺህ 900 ሜትር በላይ ሲሆን የሚገኘው በዚሁ በለጋምቦ ነው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ራሷ 2 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ምዕራብ ደግሞ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ፣ ወደ ቆላው ይወርዳል። እንግዲህ አንድ መኪና በአንድ ቀን ውርጭም ሐሩርም ያያል ማለት ነው።

ከፍታው ለሞተር ምን ያደርገዋል? ከቆላ ወደ ደጋ የሄደች እናት ባቄላው አልበስል ብሎ እንደሚያስቸግራት ሁሉ፣ አየሩ ሲሳሳ ሞተርም ይቸገራል። ነዳጁን የሚያቃጥልበት አየር ያንሰዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሜዳ ላይ የሚበር መኪና አቀስታ ዳገት ላይ ቢያለከልክ አትደነቁ።

በአገራችን ገጠር በመጀመሪያ ስም ያወጣው ላንድሮቨር ነበር። በደርግ ዘመን የሶቪየቱ ዋዝ ታየ። ኋላ ግን ሜዳውን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ባለ 70 ቁጥሩ ላንድክሩዘር፣ እኛ ሃርድቶፕ የምንለው ነው። የወረዳ አምቡላንስ ሆኖ የምታዩትም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ብዙዎቹ የተሸከሙት ሞተር 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። ጉልበቱ ከፍ ሲል እንደሚቀንስ አይተናል። ታዲያ ለምን ተመረጠ? ሥራው ቀላል በመሆኑ በወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ ከፍቶ ሊጠግነው ይችላል፤ ባሌስትራውም ኮረኮንች ይችላል። በኤሌክትሮኒክስ የተሞላው የባለሥልጣን መኪና ይመቻል፤ ሲበላሽ ግን ደሴ ወይም አዲስ አበባ ድረስ ያስጎትታል። ወላድን ለመጫን የሚመረጠው፣ በእኔ አስተያየት፣ በቅርብ የሚጠገነው ነው።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካሳወቀ ወዲህ ያገለገለ መኪና መፈለግ በርክቷል። ስትገዙ በቀለሙ አትታለሉ። ተጎንብሳችሁ ከሥር እዩ፤ ሻንሲው ላይ የብየዳ ጠባሳ፣ የተሰበረ ባሌስትራ፣ ከካምቢዮው የሚንጠባጠብ ዘይት አለ ወይ? አራቱንም ጎማ የሚያስነዳው ማርሽ እዚያው ይሞከር። ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ ሲለቀቅ ማርሹ የሚያመልጥ ከሆነ ተዉት። በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታን አይፈራም፤ ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። የሚቸግረው ቻርጅ ማድረጊያ ከሌለበት ገጠር ሲገባ ነው።

አሁን ወደ አነዳዱ እንምጣ። ብዙ ሰው ዳገት ይፈራል፤ ይበልጥ የሚፈራው ግን ቁልቁለቱ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል መያዝ ያቆማል። መኪናው መያዝ ያለበት በማርሽ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀመር ወደ ከባድ ማርሽ ይቀየራል፤ መንገዱ እጅግ የቆመ ከሆነ ደግሞ ትንሹ የማርሽ ዘንግ ወደ ከባዱ ይሳባል። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሽ ነጻ አድርጎ መውረድ ከወንጀል አይተናነስም። ተሳፋሪ ብትሆኑም «ወንድሜ፣ እባክህ በከባድ ማርሽ ውረድልን» ማለት አያሳፍርም።

ክረምት ላይ ደግሞ ዋልካው አለ። ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያዳልጣል። አራቱን ጎማ የሚያስነዳው ማርሽ የሚገባው ጭቃው ውስጥ ከመግባት በፊት እንጂ ከተቀረቀሩ በኋላ አይደለም። ጎማው በቦታው ከዞረ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ያኔ ነዳጁን ለቆ በአካፋ መሥራት ነው። ወንዝ ሞልቶ ካገኛችሁ እስኪጎድል ጠብቁ። ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑ እርጥብ ስለሚሆን ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ርገጡት።

ጭነቱን በተመለከተ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ጆንያ ሲከመር መኪናው አናቱ ይከብድና ጠመዝማዛ ላይ ይገለበጣል። ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን። በሃርድቶፕ የኋላ ወንበር፣ ጎን ለጎን በሚያስቀምጠው ላይ፣ ልጆቻችሁን አታስቀምጡ፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ይወረወራሉ። ቀበቶ ያለው ፊት ለፊት የሚያይ ወንበር ለእነርሱ ይለቀቅ።

ወላድ ስትጫን በጀርባዋ ሳይሆን በግራ ጎኗ ትተኛ፤ በጀርባ ስትተኛ ማሕፀኑ ትልልቁን የደም ሥር ይጫናልና። አንዲት ሴት አጠገቧ ሆና ትያዛት። ሾፌሩ መቸኮሉ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ በኮረኮንች ላይ የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ለእርሷ ሥቃይ ነው። ቤታቸው ከመንገድ የራቀ እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ ጤና ጣቢያ ባለው የእናቶች ማቆያ ቢገቡ፣ መኪናውም በሌሊት ጉም ገደል ለገደል አይሄድም። ወደዚያ አገር የምትመደቡ የጤና ባለሙያዎች ማታ ከሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ሾፌሩን ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ናፍጣው ሞልቷል ወይ? ትርፍ ጎማው ተነፍቷል ወይ? ክሪኩስ የት ነው?