ሁለት ሰከንድ ብቻ የሚኖር ኮምፒዩተር

ባለፈው ጥር ወር፣ የባሌ ገበሬ ስንዴውን በኮምባይነር አስወቅቶ ጎተራውን በሚዘጋበት ሰሞን፣ ከጎባ ወደ ሮቤ ወርደን ነበር። መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና በሚኒባስ ለተሳፈረ ሰው ጨዋታ ተጀምሮ እስኪያልቅ እንኳ አይፈጅም። የወረድነው ግን ለሽርሽር አልነበረም። በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ወዳጃችን በስልክ ጠርቶን፣ «እባካችሁ ኑና እዩልኝ፤ በገዛ ገንዘቤ የማልገባው ነገር ገዝቻለሁ» ስላለን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጃችን ከደመወዙ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ እየቈጠበ፣ የተሠራ ኮምፒዩተር መግዛት ቢከብደው፣ ዕቃውን በየክፍሉ ገዝቶ ራሱ ሊገጥመው ቈረጠ። አዲስ አበባ ወጣ፤ ነጋዴውም ዕቃውን በባንኮኒው ላይ ዘርግቶ፣ ሽቦውን አገናኝቶ፣ ዓይኑ እያየ አስነሥቶ አሳየው። ወዳጃችን ደስ ብሎት ካርቶኑን በጕልበቱ ላይ አቅፎ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጕዞ ሮቤ ገባ። በማግሥቱም ሌሊቱን ተቀምጦ በኬዙ ውስጥ ገጠመው። ቍልፉን ሲጫነው ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ «አንድ፣ ሁለት» ሳይባል ድርግም አለ። ደገመው፤ ድርግም። ሠለሰው፤ ድርግም።

ይህ ሁሉ ድካም ለቅንጦት ቢሆን ኖሮ ስቀን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ታናሽ እኅቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ብሔራዊው ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ልጅቱ በፈተናው ቀን ጥያቄውን ትታ መዳፊቱን ስትፈልግ እንዳትገኝ ወንድሟ ሠግቷል። እርሷም የፊደል መምቻውን ብቻ አውጥታ፣ ከምንም ነገር ጋር ሳይያያዝ፣ ጣቷን ታለማምድበት ነበር። ይህን ስናይ እውነቱን ለመናገር አንጀታችን ተላወሰ።

እንግዲህ በአገራችን ሰው ቢታመም ሐኪሙ ብዙ እንደሚሆን ሁሉ፣ ለዚህም ኮምፒዩተር ሐኪም አልታጣም። አንዱ ጎረቤት «የመብራቱ ነገር ነው» አለ። መቼም ባሌ የኤሌክትሪክ ባዕድ አይደለም፤ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራውና 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የታቀደው የመልካ ዋከና ግድብ ጎረቤቱ ነው። ዳሩ ግን ኃይሉ ከግድቡ ሲወጣ ሌላ፣ ከቤት ሲደርስ ሌላ ነውና ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። ሁለተኛው የአጨዳውን አቧራ ከሰሰ። ሦስተኛው ደግሞ ተምሯልና «ከፍታው ነው» አለ። ይህኛው ሳበን። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ አንድ ማራገቢያ በጅቡቲ የሚያነፍሰውን ያህል ክብደት ያለው አየር በሮቤ አያነፍስም። ነገር ግን ባሌ ብርዱ ያን ጕድለት ይክሳል፤ በሰኔቲ አምባ፣ በ4,377 ሜትሩ በቱሉ ዲምቱ አናት ላይ ቢሆንም እንኳ በሁለት ሰከንድ የሚግል ኮምፒዩተር አይኖርም። የመጨረሻው አንድ ጠጋኝ ነበር፤ እርሱ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ግዛ» ብሎ ፈረደ። የሌላው ማዘርቦርድ ዋጋ የወዳጃችን የሁለት ወር ደመወዝ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን አንድ ነገር እናስታውስ። ኮምፒዩተርን በየቤቱ መግጠም የተቻለው፣ አይ.ቢ.ኤም. በ1981 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ከየፋብሪካው በሚገዛ ዕቃ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ኋላም ኢንቴል በ1995 ኤ.ቲ.ኤክስ. የሚባለውን የመጠንና የሽቦ ደንብ ስላወጣ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት የአንዱ አገር ኬዝ የሌላውን አገር ቦርድ ይቀበላል። ዕቃው ሁሉ በየግሉ ደኅና ሁኖ ሳለ በመጋጠሙ ላይ ስሕተት ቢገኝ ግን ተጠያቂ ፋብሪካ የለም፤ ፋብሪካው ገጣሚው ራሱ ነው። ወዳጃችንን ይህን ስንለው አልወደደውም።

ሥራችንን የጀመርነው ካቻቢቴ በማንሣት ሳይሆን ሰከንድ በመቍጠር ነበር። ጠዋት በብርዱ ሁለት ሰከንድ፤ አሥር ጊዜ ከተሞከረ በኋላም ሁለት ሰከንድ። ሙቀት ቢሆን ኖሮ ዕድሜው እየተለዋወጠ በሄደ ነበር። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ነካካነው፤ ጠብቆ ተቀምጧል። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካውን ባለ 12 ቮልት ሽቦ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ወዳጃችን አልረሳውም። የማስነሻው ቍልፍ ተቀርቅሮ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ የሚጠፋው ወደ አራት ሰከንድ ገደማ ነው፤ ቢሆንም ሽቦውን ነቅለን ሁለቱን መርፌዎች በካቻቢቴ ጫፍ አገናኘናቸው። ያው ነው። እናቱ ክፍል ወዳለው ሶኬት፣ ስታቢላይዘር ወዳለበት ወሰድነው። ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ፓወር ሰፕላዩን ከሁሉም ነቅለን ብቻውን አስነሣነው። ከትልቁ መሰኪያ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቍሩ ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ ማገናኘት ይበቃል። ማራገቢያው ሳይቋረጥ ዞረ፤ ቴስተራችንም 12.1 ቮልት አሳየ፤ ደንቡ የሚፈቅደው ከ11.4 እስከ 12.6 ነው። ሸክም ሳይኖረው ስለ ሆነ ሙሉ ማስረጃ አይደለም፤ ሆኖም ጥርጣሬያችን ወደ ሌላ ዞረ። አንባቢ ሆይ፣ የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ግን አትክፈት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን በሆዱ የሚያጠራቅመው ኃይል ሰው ይጐዳል።

እናትዬዋ የሐረና ቡና ይዘው ገቡና፣ «ልጆቼ፣ ሞቷል ወይስ ታሟል?» ሲሉ ጠየቁን። ቡናውን እየጠጣን ሳለ፣ «ይህ ዕቃ በሕይወቱ ሠርቶ የሚያውቀው የት ነው?» አልን። ወዳጃችን «በባንኮኒው ላይ» አለ። በባንኮኒው ላይ ያልነበረው ምንድን ነው? ፕሮሰሰሩ ነበረ፤ ራሙ ነበረ፤ ፓወር ሰፕላዩም ይኸው ነበረ። ያልነበረው ኬዙ ብቻ ነው!

ቡናው ሳይጠጣ ቀረ። ማዘርቦርዱን ፈትተን በባዶ ካርቶን ላይ አስቀመጥነው፤ አንድ ራም ብቻ ተውንለት። አስነሣነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እኅቱ ጮክ ብላ መቍጠር ጀመረች፤ መቶ ስትደርስ ደከማት፤ ማራገቢያው ግን አልደከመውም።

ወደ ባዶው ኬዝ በባትሪ ብናበራ ምሥጢሩ ተገለጠ። ቦርዱ ቆርቆሮውን እንዳይነካ ከፍ አድርገው የሚይዙት፣ ብሎን የሚገባባቸው ትናንሽ የነሐስ መቆሚያዎች አሉ። ኬዙ ለትልቁ ቦርድ የተዘጋጀ ሲሆን የወዳጃችን ቦርድ ትንሹ ዓይነት ነው። ስለዚህ አንዱ መቆሚያ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ቀርቶ የቦርዱን ጀርባ፣ ልክ ብየዳው ላይ፣ ይወጋው ነበር። በዚያ ስፍራ የጥፍር ጭረት የሚያህል ምልክት አገኘን። ኮንታክት በተፈጠረ ቍጥር ፓወር ሰፕላዩ አደጋውን አውቆ ራሱን ያጠፋ ነበር። ጠጋኙንም አንወቅሰውም፤ እርሱም የሞከረው በኬዙ ውስጥ እንዳለ ነውና።

መቆሚያውን በፒንሳ ፈትተን አወጣነው፤ ከአጃ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ወዳጃችን በመዳፉ ይዞ ሲመዝነው ቆየና፣ «የሁለት ወር ደመወዝ» ብሎ በኪሱ ከተተው። ሁሉንም እንደ ገና ገጠምን፤ በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ሦስታችንም አጎነበስን። ተነሣ፤ ቆመም። እኅቱ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ስሟን ጻፈች፤ አጠፋችው፤ ደግማ ጻፈች።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደ ቆየን ድርግም አለ። ወዳጃችን ራሱን ይዞ ብድግ አለ። እናቱ ግን በመስኮት ተመልክተው፣ «ምን ያስደነግጥሃል? የሰፈሩም ጠፍቷል እኮ» አሉና ሻማ ፍለጋ ሄዱ። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ኃይል አንዳንድ ጊዜ ልቅ ነውና ሶኬቱን ነቅለን፣ የቀዘቀዘውን ቡና በጨለማ ጨረስነው። መብራቱ ሲመጣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ልጅቱ ግን ከወንበሩ አልተነሣችም ነበር።