ልጅ ዛፍ ሲወጣ

ልጇን ዛፍ ላይ ያየች እናት «ውረድ! ትሰበራለህ!» ብላ ትጮኻለች። እውነቷን ነው። ዛፍ የወጣ ሊወድቅ ይችላል። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ዛፍ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ነገ የጎጆ ክዳን ላይ ወይም ገደል አፋፍ ላይ ሥራ ሲገጥመው አቅሙን በምን ያውቃል?

ጨዋታ ሥራ መፍታት አይደለም። ልጅ ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ሲንጠለጠል ጡንቻውና አጥንቱ ይጠነክራል። ከዚህም ሌላ ትምህርት አለው። ቦይ ሊዘል የቆመን ልጅ ልብ ብላችሁ እዩት። ወርዱን በዓይኑ ይለካል። ወደ ኋላ ይመለሳል። እንደገና ያያል። ከዚያ ወይ ይዘላል፣ ወይ ይተወዋል። «ይህ ይቻለኛል፣ ያ አይቻለኝም» ማለትን የሚማረው እንዲህ ነው። ይህን ተቀምጠን በቃል ልናስጠናው አንችልም። ለሴት ልጅም ያው ነው። እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ልጅ ዛፍ መውጣት ያቅታታል የሚል ካለ እንጃ።

ታዲያ ልጁ እንዳሻው ይሁን እንበል? አንልም። አደጋ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልጁ ራሱ የሚያየው ነው፤ የቅርንጫፉ ከፍታ፣ የቦዩ ስፋት። ይህን ቀስ በቀስ ይልመደው። ሁለተኛው ልጁ የማያየው ነው። ይህን ማስወገድ የእኛ የወላጆች ፋንታ ነው።

ወንዝን እንውሰድ። በክረምት እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ከላይ ደጋው ላይ ዝናብ ጥሎ ይሆናል። ደራሽ ውሃ በድንገት ይመጣና ከብቱንም እረኛውንም ይጠርጋል። ሕፃን ይህን ከየት ያውቃል? ስለዚህ በክረምት ወንዝ መግባት ክልክል ነው ብለን እንቁረጥ። በበጋ ግን ዋና ቢማር መልካም ነው፤ ዋና የሚችል አዋቂ አብሮት ይሁን፣ ጥልቀቱም አስቀድሞ በዱላ ይለካ። ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ ሣርና ቀንድ አውጣ የበዛበት ውሃ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣ ዓይን የማያየው ትል በቆዳ በኩል ይገባል። በሽታው ቢልሃርዚያ ይባላል። የትሉ እንቁላል ወደ ውሃው የሚገባው ከሰው ሰገራና ሽንት ነውና፣ መጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈርም ልጅን መጠበቅ ነው።

ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ ያልፈነዳ ቦምብ አፈር ውስጥ ይቀራል። ልጅ መጫወቻ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ልምምድ የለም። እንግዳ ብረት ያየ ልጅ ሳይነካ፣ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ለአዋቂ ይንገር።

ወደ ዛፉ እንመለስ። የደረቀውን ቅርንጫፍ እንመልምል። ከሥሩ ያለውን ድንጋይና ጉቶ እናንሣ። ልጁን አንሥተን ቅርንጫፍ ላይ አናስቀምጠው፤ በራሱ የወጣ መውረጃውን ያውቃል፣ ሰው ያወጣው ግን አያውቅም። ዝናብ ሲዘንብ ቅርፊቱ ያዳልጣልና ያን ቀን ይቅር። እላይ ሆኖ ስናየው አንጩኽበት፤ ይደነግጣል። «እግርህን የት ታሳርፋለህ?» ብለን ብንጠይቀው ይሻላል።

በገና ዱላ ከትከሻ በላይ እንዳይነሣ፣ ታናናሾቹም ከጎረምሶች ጋር እንዳይቀላቀሉ እናድርግ። በቡሄ ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ጅራፍ ዓይን ያጠፋል። ችቦም ከሣር ክዳን ይራቅ።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በዴንማርክ አገር፣ ኮፐንሃገን ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ለልጆች ልዩ መጫወቻ ሜዳ ተከፈተ። ሜዳው ላይ እንጨትና የተጣለ ዕቃ አኖሩላቸው፤ አንድ አዋቂም ተመደበላቸው። ልጆቹ ራሳቸው ጎጆ ይሠሩ ጀመር። የእኛ እረኞች ይህን ሳይነገራቸው ሲያደርጉት ኖረዋል። የሚጎድለው የአዋቂው ዓይን ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ልጅ ወድቆ ሊሰበር ይችላል። የተሰበረውን እጅ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨትና በጨርቅ ላላ አድርገን ደግፈን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ወጌሻ አጥብቆ ካሰረው ደም መዘዋወሩ ይቋረጣል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ ወይም ሕመሙ ከበረታ እስራቱን ያኑኑ መፍታት ነው። እስኪነጋ ከተጠበቀ ሥጋው ሊሞትና እጁ ሊቆረጥ ይችላል።